አጭሩ ይጠራል፣ ረጅሙ ያስቀምጣል

የላምባ ሽታ ቤት ይለምዳል። ጠርሙሱ ከተነሣ፣ መብራት ከገባ፣ ሰዎቹም ከተቀየሩ በኋላ እንጨቱ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ሐረር ገብቼ ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር በኩል ቁልቁል ስወርድ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ያ ሽታ ወጣና መንገድ ላይ አቆመኝ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ የሚሸጠውም የስልክ ቻርጀርና በፀሐይ የሚሞላ መብራት ነው። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ግን የአያቱ ነው፤ ጀሪካን ሲደረደርበት የኖረ፣ ላምባ የጠጣ እንጨት። «እኛ ለምደነው አይሸተንም» አለኝ። እኔን ግን በአንድ ትንፋሽ ሸዋ በር አካባቢ ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ ማድ ቤቱ፣ ወደ ኩራዙ ወሰደኝ።

ኩራዙ ከሳልሳ ጣሳ የተሠራ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው የጣሳውን አናት ገጥሞ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ቱቦ በይዶ፣ በቱቦው የጥጥ ክር ያሳልፍበታል። ከተማዋ መብራት ነበራት፤ ግን ይሄዳል፣ ሲሄድም መመለሻውን የሚያውቅ የለም። በደርግ ዘመን እኛ ላምባ የምናገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነበርና ልጆች በወረቀት የተወተፈ ጠርሙስ ይዘን በጠዋት እንሰለፋለን። ማታ ሦስት ሆነን በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ደብተር እንዘረጋለን። ጠዋት ስንናፈጥ ጥቁር ይወጣል። ኩራዙ ከሚቀመጥበት በላይ ጣሪያው ላይ ክብ ጥላሸት ነበረ፤ ለፋሲካ ይታጠባል፣ ለመስቀል ተመልሶ ይመጣል።

እናቴ ላምባ ታውቅ ነበር። ጠርሙሱን ከፍታ ታሸትተዋለች፤ ማታ ክሩን ከለኮሰች በኋላም ነበልባሉን ትክ ብላ ታያለች። አንዳንዱ ላምባ ክሩ ትንሽ ከፍ ሲል ያጨሳል፣ አንዳንዱ ነበልባሉ ቢረዝምም ጥርት ብሎ ይነድዳል። «ይሄኛው ንጹሕ ነው» ትላለች፤ የዚያን ሳምንት ክሩን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይፈቀዳል። በዓለም ላይ ያሉ የነዳጅ ባለሙያዎችም ላምባን ከሚመዝኑባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የእናቴ መንገድ ነው፦ ነበልባሉ ሳያጨስ ስንት ሚሊሜትር መቆም እንደሚችል ይለካሉ። ያለ ቅርንጫፍ በአንድ መስመር የተያያዙ ካርቦኖች የበዙበት ላምባ ነበልባሉ ከፍ ብሎም አያጨስም። ካርቦኖቹ ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ከሆነ ግን ቀለበቶቹ እሳት ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ጥላሸት ይሆናሉ። ጣሪያችን ላይ የነበረው ጥቁር ክብ የተሠራው በአመዛኙ ከእነዚያ ነው።

ላምባ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች ከ10 እስከ 16 ገደማ ካርቦን አላቸው። በዚያ ዘመን የሀገሪቱ ነዳጅ ማጣሪያ አሰብ ላይ ነበር፤ ሶቪየቶች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ተዘጋ። የማጣሪያው ዋና ጥበብ በርዝመት መለየት ነው። ድፍድፉ ሲሞቅ ጥቂት ካርቦን ያላቸው አጫጭሮቹ ተነው ከማማው አናት በጋዝነት ይወጣሉ፤ ከእነሱ በታች ቤንዚን፣ ቀጥሎ ላምባ፣ ቀጥሎ ናፍጣ ይጠራቀማል፤ ከሥር ሬንጅ ይቀራል። የምናነብበት ብርሃን፣ ታክሲው የሚነዳው ቤንዚንና መንገዱ የተነጠፈበት ሬንጅ ከአንድ በርሜል የወጡ ዘመዳሞች ነበሩ።

ይህን ያወቅሁት አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቀን የራሰ ባቄላና የራሰ ሽምብራ በሳህን፣ ከመጥረጊያ የተነቀለ ስንጥር በወረቀት ጠቅልለው ገቡ። ባቄላው ካርቦን፣ ሽምብራው ሃይድሮጅን፣ ስንጥሩ ማያያዣ። ካርቦን አራት እጅ አለው፣ ሃይድሮጅን አንድ ብቻ። አንድ ባቄላ ላይ አራት ሽምብራ ስንሰካ ሜቴን ሆነ። ሁለት ባቄላ አያይዘን የቀረውን እጅ በሽምብራ ስንሞላ ኤቴን፣ በሦስት ፕሮፔን፣ በአራት ቡቴን። አሥረኛው ባቄላ ላይ ስንደርስ ሰንሰለቱ ከአግዳሚው ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር፦ 10 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ ዴኬን። «ይህ ላምባ ውስጥ አለ» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁላችንም ማታ የምናነድደውን ነገር በእጃችን ስንሠራው ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ቀጥለው ጥያቄ ጠየቁን፤ እነዚሁ አሥር ባቄላዎች በስንት ዓይነት መንገድ ሊያያዙ ይችላሉ? ቅርንጫፍ እያወጣን፣ እየነቀልን፣ እንደገና እየሰካን ቆየን። መልሱ 75 ነው። ከ75ቱ ግን ምንም ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ብቻ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1866 ለእነዚህ ሰንሰለቶች በየርዝመታቸው ሥርዓት ያለው ስም እንዲወጣ ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ፣ በ1892 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡ ኬሚስቶችም ሥርዓቱን ካጸኑት ወዲህ፣ ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት የሚጠራው በውስጡ ባለው ረጅሙ ቀጥ ያለ ሰንሰለት መነሻነት ነው። መምህሩ እንዲህ አሉን፤ «ወደ ቤታችሁ ሂዱና ቀጥ ያለውን ሰንሰለት ፈልጉ። ከላምባ ሌላ የት አለ?» ደወል ሲደወል ባቄላውንና ሽምብራውን ለቃቅመው ይዘውት ሄዱ፤ ዘመኑ የሚጣል እህል አልነበረውም።

የቤት ሥራውን በማግስቱ ማንም አልመለሰም። እኔ ግን መልሱን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ፤ ሐረርን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ተጨማሪ መልስ አገኛለሁና።

መኪና ግርግር ሲያልቅ ጊድር መጋላ ነው። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ቅቤ ለመግዛት የምንወርደው እዚያ ነበር። ከከተማው ዙሪያ የመጡ ኦሮሞ እናቶች ቅቤውን በቅል ይዘው፣ በቅጠል ሸፍነው ይቀመጣሉ። እናቴ በስንጥር ትንሽ ቆንጥራ አፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች፤ ለፀጉርና ለሕፃን ለጋውን፣ ለወጥ በሳሉን። ለጋው ሽታው ስስ ነው። በሳሉ ከሩቅ ይጣራል። ያ የሚጣራው ሽታ በአብዛኛው አራት ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው፤ ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። ለጋ ቅቤ ውስጥም አለ፤ ግን ከግሊሰሮል ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ አይበርም። ቅቤው ሲሰነብት እስሩ ይፈታል፣ አጭሩ ሰንሰለት ነፃ ይወጣል፣ አየር ይዞት አፍንጫ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዤን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳተመው የእንስሳት ስብ ጥናት ይህን አሲድ ከቅቤ አውጥቶ አሳየ። እናቴ ሼቭረልን አታውቀውም፤ ለጋንና በሳልን በመለየት ግን አትሳሳትም ነበር።

ከአራቱ ሲረዝም ጠረኑ ይለወጣል። ስድስት፣ ስምንትና አሥር ካርቦን ያላቸው በፍየል ወተት ውስጥ በርከት ብለው ይገኛሉ፤ የፍየል ጠረን የምንለው አንዱ ምንጩ እነሱ ናቸው። አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት ሲደርስ ሽታው ይጠፋል። ሞራ ውስጥ የሞሉት እነዚህ ናቸው፤ በክፍል ሙቀት ጠጣር ናቸው፣ አይበርሩም፣ ዝም ይላሉ። በእነዚህ ዘመዳሞች መካከል ያለው ልዩነት የርዝመት ብቻ ነው። አንድ ካርቦን ከሁለት ሃይድሮጅን ጋር፣ እንደገና አንድ ካርቦን ከሁለት ሃይድሮጅን ጋር፣ እየተቀጠለ ይሄዳል። እየተቀጠለ ሲሄድ ተናኙ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ጠጣር፣ የሚጣራውም ዝምተኛ ይሆናል።

ስለ ቅቤ ሲነሣ የዓሹራ በዓል ሌሊት ትዝ ይለኛል። በዚያ ሌሊት ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል፤ ቀርበው ከበሉ ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። እኛ የክርስቲያን ሰፈር ልጆች ከሩቅ ሆነን እንሰማ ነበር፦ መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዚያ የጅቦቹ ድምፅ፣ ከዚያ የአዋቂዎቹ የደስታ ንግግር። ጅብ ያን ቅቤ በጨለማ ከሩቅ ቢያገኘው አያስደንቅም። ጅቦች ራሳቸው የሚነጋገሩት በዚህ ቋንቋ ነው፤ ከጅራታቸው ሥር የሚወጣውን ቅባት የመሰለ ነገር ሣር ላይ ይቀባሉ። ኬንያ ውስጥ የተጠኑ ጅቦች ቅባት ውስጥ በባክቴሪያ የሚመረቱ አጫጭር የስብ አሲዶች፣ ያው ቡቲሪክ አሲድም ጭምር ተገኝተዋል። አንዱ ጅብ የሌላውን መንጋ የሚለየው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። የሐረር ሰውና የሐረር ጅብ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ገንፎ ዙሪያ፣ በአንድ ሞለኪውል ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

ሌላው መልስ ዕጣን ውስጥ ነበር። ግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌ ከተማ፣ በጁገል፣ አንዲት ሐረሪ እናት ነበሩን፤ እናቴ በስፌት ተዋውቃቸው እንደ እህት ሆኑ። ቤታቸው ስንገባ ነደባ የሚባለው ቀይ አፈር የተለቀለቀ መደብ፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌትና ሳህን፣ ከሁሉ በፊት ግን የዕጣኑ ጭስ ይቀበለናል። የእሳቸው ዕጣን ከኦጋዴን በኩል የመጣ፣ የጥድ ሙጫን የሚያስታውስ ነበር። እኛ ቤት ለቡና የሚጨሰው ደግሞ ከሰሜን የመጣው ነጩ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል። ልጅ ሳለሁ ልዩነቱን የእስላም ቤትና የክርስቲያን ቤት ልዩነት አድርጌ ነበር የያዝኩት። ልዩነቱ የዛፍ ነው። የኦጋዴኑ ዕጣን መዓዛ በአብዛኛው ካርቦኖቻቸው ቀለበት ከሠሩ ሞለኪውሎች ይወጣል። በትግራይ፣ በመተማና በሌሎችም የሰሜን ምዕራብ ቆላዎች የሚበቅለው ዛፍ ዕጣን ግን ለየት ይላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው የዚህን ዕጣን ተናኝ ዘይት መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ሲያወጡ፣ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ኦክቲል አሲቴት የተባለ ውሕድ ነበር፤ ስምንት ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ከሁለት ካርቦን ካለው የኮምጣጤ አሲድ ጋር የተጋባበት። መምህራችን የጠየቁት ሰንሰለት ቡናችን አጠገብ ፍም ላይ ሲጤስ ኖሯል።

ሁለቱ እናቶች ዕጣን ይለዋወጡ ነበር። ለረመዳን ከእኛ ቤት ነጩ ይሄዳል፣ ለገና ከእሳቸው ቤት የኦጋዴኑ ይመጣል። ዛሬ ከሁለቱ አንዳቸውም የሉም። ቤታቸው ግን አለ፤ ልጃቸው አስገብታኝ ነደባው ላይ ተቀምጬ ነበር። የታሸገ፣ የፋብሪካ መዓዛ ያለው ስንጥር ለኩሳልኝ ቡና አፈላችልኝ። ቡናው ያው የሐረር ቡና ነው። ሽታው ግን የማንኛችንም እናት አልነበረም፤ ሁለታችንም አውቀነዋል፣ አልተናገርነውም።

ከሐረር ውጭ ያደገ ሰው ስለ ከተማዋ ሲያስብ ግንቡንና አምስቱን በሮች ያስባል፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን። እኔ ፔጆ 404ንም አብሬ አስባለሁ። ያ ታክሲ በከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ለአሥርት ዓመታት ሰው አመላልሷል። ሌላ አገር ምርቱ ቆሞ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሐረር ውስጥ በብረት ሠራተኞችና በመካኒኮች እጅ ኖሯል። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ዳገቱን ሲይዝ ቤንዚኑ መጥፎ ከሆነ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሹፌሩ ማርሹን ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ይጸልያል። ጥፋቱ የቀጥተኛው ሰንሰለት ነበር። ቅርንጫፍ የሌለው ሰንሰለት ሲታመቅና ሲሞቅ ሻማው ሳይለኩሰው በራሱ ይነሣል። የቤንዚን ጥራት ሲለካ ሰባት ካርቦን ያለው ቀጥተኛው ሄፕቴን ዜሮ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት አንድ የኦክቴን ዓይነት ደግሞ 100 የተሰጠው ለዚህ ነው።

ናፍጣ ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም፤ ነዳጁ ታምቆ በራሱ እንዲነሣ ይፈለጋል። እዚያ 100 የተሰጠው 16 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለው ሰንሰለት ነው። ቡና ጭኖ ከሐረርጌ የሚወጣው ኤንትሬ የጭነት መኪና ዳገቱን እያጓራ የሚወጣበት ጉልበቱ ቤንዚን ውስጥ እንደ ጥፋት የሚቆጠረው ያው ጠባይ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መምህራችንን አመሰግናለሁ። በዚያ ዘመን ሰው «ጥሩ» እና «መጥፎ» ተብሎ በአንድ ቃል ይከፈል ነበርና አንድ ጠባይ አንድ ቦታ ጥፋት፣ ሌላ ቦታ ኃይል ሊሆን እንደሚችል ያየሁት መጀመሪያ በእሳቸው ሰሌዳ ላይ ነው።

እነዚሁ 16 ካርቦኖች ብቻቸውን ሲለዩ በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋሉ፤ የሐረር ሌሊት ይበቃቸዋል። ቅርንጫፍ ያላቸው ዘመዶቻቸው ግን በዚያው ቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆነው ይቀራሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ጠዋት በፈላና በር የሚገቡትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ማየት በቂ ነበር፤ ቀጥ ያለው ጭራሮ ጎን ለጎን ተኝቶ ጠብቆ ይታሰራል፣ ቅርንጫፋሙ ግን እያፈነገጠ ክፍተት ይተዋል። ቀጥተኛ ሰንሰለቶችም እንዲሁ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ሲረዝሙ መያያዛቸው ይጠብቃል፣ ለመለየትም ይከብዳሉ።

ረጃጅሞቹን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ፈረስ መጋላ ባለው መድኃኔ ዓለም ጧፍ እንገዛ ነበር፤ የጥጥ ክር በንብ ሰም የተነከረ። በእጅ ሲሞቅ ለስለስ ይላል፣ ማር ማር ይሸታል። የማሩ ሽታ ከሰሙ ዋና አካል የመጣ አይደለም፤ በሰሙ ውስጥ ከተረፉ ትናንሽ ተናኞች ነው። ዋናው አካል 16 ካርቦን ያለው አሲድና 30 ካርቦን ያለው አልኮል የተጋቡበት ሰንሰለት ነው፤ በጠቅላላው 46። እሱ ራሱ አይሸትም፣ ውሃም አያርሰውም፣ በ60ዎቹ ዲግሪ ካልሆነ አይቀልጥም። ዛሬ ብዙ ቦታ ጧፉን ተክቶ የቆመው ከድፍድፍ ዘይት የወጣው የፓራፊን ሻማ ነው፤ እሱም የቀጥተኛ ሰንሰለት ክምችት ነው፤ አበባና ንብ ግን አያውቅም።

ሌላው ረጅም ሰንሰለት ጫቱን የሚሸፍነው የሙዝ ቅጠል ላይ ነበር። በአወዳይ መንገድ ከሰዓት በኋላ ጭነቱ ሲከፈት ውሃ ይረጭበታል፤ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ክብ ሆኖ ይንከባለልና ይወድቃል። ማንኛውም የየብስ ተክል ማለት ይቻላል ቅጠሉን በስስ ሰም ይሸፍናል። በሰሙ ውስጥ ካሉት መካከል 27፣ 29፣ 31 እና 33 ካርቦን ያላቸው ቀጥተኛ ሰንሰለቶች ይገኛሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነበትም ምክንያት አለ፦ ተክሉ ሰንሰለቱን የሚያረዝመው ሁለት ሁለት ካርቦን እየጨመረ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ከጫፉ አንዱን ቆርጦ ይጥላል። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥር በዝቶ የተገኘበት አፈር ቅጠል እንደነበረው ይታወቃል።

ከልጅነቴ ሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ሽታው በቀናት ውስጥ ያልቃል። የቅጠሉ ሰም ግን በጎርፍ ታጥቦ ሐይቅ ይገባል፣ ደለል ውስጥ ይቀበራል፣ ለሺዎች ዓመታት ይቆያል። የጣና ሐይቅን ደለል ከሥር ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች እነዚህን የቅጠል ሰሞች ለይተው፣ በውስጣቸው ካለው የሃይድሮጅን ዓይነት የጥንቱን ዝናብ መጠን አንብበዋል። ተክሉ ሰሙን ሲሠራ የሚጠቀመው የዝናቡን ውሃ ነውና ሃይድሮጅኑ የዚያ ዘመን ዝናብ ምስክር ነው። ከሺዎች ዓመታት በፊት ያ ሀገር ዛሬ ካለው ይበልጥ ዝናብ ይጥልበት እንደነበር የሚመሰክረው ጽሑፍ አይደለም፤ ቅርንጫፍ የሌለው የካርቦን ሰንሰለት ነው።

ሸክላም እንዲሁ ያስታውሳል። ያልተለበጠ ሸክላ ምግብ ሲበስልበት ስቡን በግድግዳው ቀዳዳዎች ይጠጣል። የብሪስቶሉ ሪቻርድ ኤቨርሼድና ባልደረቦቹ ከጥንት ገል ውስጥ 16 እና 18 ካርቦን ያላቸውን የስብ አሲዶች አውጥተው፣ በካርቦናቸው ዓይነት የወተት ስብን ከሥጋ ስብ መለየት ቻሉ። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከደቡብ ምዕራብ ሊቢያ፣ ታካርኮሪ ከተባለ የዋሻ መጠለያ የተገኙ የ7 ሺህ ዓመት ገሎች ወተት እንደነበራቸው ታወቀ። ሰሃራ ለምለም በነበረበት ዘመን አንዲት ሴት ወተት አሙቃለች፤ ስሟ፣ ቋንቋዋ፣ መልኳ ጠፍቷል፤ ወተቷ ግን አለ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው እህቴ ቤት ያለውን የእናቴን የንጥር ቅቤ ማሰሮ እንደገና ያየሁት። እናቴ ኮረሪማና አብሽ ጨምራ ቅቤ ታነጥርበት ነበር። ማሰሮው ስንት ጊዜ ታጥቧል፤ ዛሬ አፍንጫ ቢያስጠጉት ምንም አይሸትም። አጫጭሮቹ ሄደዋል። ረጃጅሞቹ ግን በሸክላው ግድግዳ ውስጥ ናቸው፤ የጊድር መጋላ ላሞች፣ ላሞቹ የበሉት ሣር፣ ሣሩ የጠጣው ዝናብ በውስጣቸው ተጽፏል። እኔ የእናቴ ትዝታ ሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበርና ሽታው እየሳሳ ሲሄድ እሷም እየራቀች እንደሆነ ተሰምቶኝ አዝን ነበር። አሁን ትዝታ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አምናለሁ። አንዱ አጭር ነው፤ ይበርራል፣ በድንገት ይመጣል፣ መንገድ ላይ ያቆማል፣ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሌላው ረጅም ነው፤ አይሸትም፣ አይጣራም፣ ፈልጎ ላልመጣ ሰው ምንም አይናገርም። ግን ይቆያል። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ናፍቆት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ማንም የማይከፍተው ሣጥን ይሆናል።

ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። የተመዘገበው የሚታየው ነው፤ ግንቡ፣ በሮቹ፣ መስጊዶቹ፣ ቤቶቹ። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው ሀርላም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁፋሮ ተካሂዶ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃና ሸክላ ተገኝቷል። በዚህ ምድር ሥር ስንት ማሰሮ፣ ስንት የቅቤ ቅል፣ ስንት ማጨሻ እንደተሰበረ የሚቆጥረው የለም። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ደግሞ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተምር የሀረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኬሚስትሪ የሚማሩ ወጣቶች አሉበት፣ ብዙዎቹም የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። ገሉንና ተማሪዎቹን ማገናኘት የሚከብድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በጁገል ቤት የሚያድስ ሰው ከነደባው ሥር ወይም ከጓዳው ጥግ አሮጌ ገል ቢያገኝ ከአፈሩ ጋር አብሮ አይጣለው፤ በሳሙና አይፈግፍገው፤ ፌስታል ውስጥም አያስቀምጠው፣ ፕላስቲኩ የራሱን ቅባት ያጋባበታልና። በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከየት ክፍል እንደወጣ ጽፎ፣ ለሙዚየም ያስረክበው። የኬሚስትሪ መምህራንም ቀጥተኛውን ሰንሰለት ሲያስተምሩ ከሰሌዳው ወደ ገበያው ይውረዱ፤ ተማሪዎቻቸውን በሳሉንና ለጋውን ቅቤ ያስሸትቷቸው፣ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ሲንከባለል ያሳዩዋቸው፣ የሁለቱን ዕጣን ልዩነት ያስገምቷቸው። የከተማዋን ረጅም ትዝታ ከሸክላው ውስጥ አውጥተው የሚያነቡት እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ለማንበብ የሚያስፈልጋቸውን ፊደል ደግሞ ከአሁኑ ልንሰጣቸው እንችላለን።